ጣፊያ እዚያ ምን ይሠራል?

የጣፊያ ቦታው ሆድ ውስጥ ነው፤ በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቶች ሥር። አንዳንድ ወንዶች ግን ከዋናው ጣፊያ ሌላ ትንሽ የጣፊያ ቁራጭ በግራ የዘር ፍሬያቸው ላይ እንደተጣበቀ ይወለዳሉ። ብዙውን ጊዜ አያማቸውም፤ አያቃጥላቸውም፤ ለዓመታት መኖሩንም ላያውቁት ይችላሉ። አንድ ቀን ገላቸውን ሲታጠቡ እጃቸው ጠጠር ያለ ነገር ይነካል። ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፣ ካንሰር ይጠረጠራል፣ ፍሬው ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ካንሰር የለም፤ ጤነኛ ጣፊያ ነው! ይህን ነገር ጀርመናዊው ፓቶሎጂስት ቦስትሮም ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡት ሰዎች ከጥቂት መቶዎች አይበልጡም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት እንደዚህ ስላሉ ነገሮች ነው፦ በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ስለሚወጡ፣ ሕመም ስለሌላቸው፣ ካንሰር ስላልሆኑና ከስንት አንድ ሰው ላይ ስለሚገኙ እብጠቶች። ዝርዝራቸውን ብቻ ብታዩት አንዱ ከሌላው የማይገናኝ የተበታተነ ነገር ይመስላል። ግን አብዛኞቹን የሚያስተሳስር አንድ ታሪክ አለ፤ እሱን ካወቃችሁ ሐኪሙ ለምን ያንን ጥያቄ እንደሚጠይቅ፣ ለምን ያንን ምርመራ እንደሚያዝ ወለል ብሎ ይታያችኋል።

የዘር ፍሬ ከየት መጣ?

የዘር ፍሬ የሚፈጠረው አሁን ባለበት ቦታ አይደለም። ፅንሱ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ሁለቱ ፍሬዎች ያሉት ከሆድ በስተኋላ፣ ከኩላሊቶቹ አጠገብ ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። በሰባተኛው ወር አካባቢ በብሽሽት ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ያልፉና፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ከረጢታቸው ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ጉዞ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፍለጋ ነው፤ ዘር በደንብ የሚመረተው ሙቀቱ ከተቀረው የሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነውና። ሲወርዱ ደግሞ ባዶአቸውን አይደለም። የሆድ ዕቃን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን እየተሳበ ይከተላቸዋል። ከሆድ ጋር የሚያገናኘው የላይኛው ክፍል በልደት አካባቢ ይደፈናል፤ የታችኛው ክፍል ግን ሁለት ንብርብር ሆኖ ፍሬውን እንደከበበ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ቤት የለቀቀ ሰው አዲሱ ሰፈር ደርሶ ጓዙን ሲፈታ የጎረቤት ወንፊት አብሮ መጥቶ ያገኛል። የዘር ፍሬም እንደዚያው ነው፤ ላይ ሳለ ጎረቤቶቹ የነበሩት ጣፊያ፣ አድሬናል ዕጢና የሆድ ዕቃ ሽፋን አንዳንዴ ቁራጫቸውን ያስይዙታል። የድሮ ሰፈሩንም ጨርሶ አይረሳም። ደም የሚቀዳለት ዛሬም ከሆድ፣ ከኩላሊት ደም ቅዳ ሥሮች አቅራቢያ ነው። የግራ ፍሬ ደም መላሽ ሥር ተመልሶ የሚገባው በግራ ኩላሊት ደም መላሽ ሥር ውስጥ ነው። የሊምፍ ፈሳሹም ቅርብ ወዳለው ብሽሽት ሳይሆን ሽቅብ ወደ ሆድ ጥልቅ ይሄዳል። ስለዚህ የፍሬ ካንሰር መጀመሪያ የሚዛመተው ወደ ሆድ ውስጥ ነው፤ ብሽሽት ላይ ንፍፊት አለመኖሩ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ቅድሚያ ለተለመደው

ወደ ብርቅዬዎቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ የሐኪሞች ደንብ እንያዝ፤ መጀመሪያ የሚታሰበው የተለመደው ነው። ሕመም የሌለው እብጠት ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ነው። አንደኛው ፍሬውን በከበቡት ሁለት ንብርብሮች መካከል ውኃ ሲጠራቀም ነው፤ ሃይድሮሲል ይባላል። ሁለተኛው የአንጀት ወይም የሆድ ስብ በብሽሽት መተላለፊያ ተንሸራትቶ መውረድ ነው። በየሰፈሩ እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ቡአ ይሏቸዋል። ሦስተኛው ከፍሬው በስተኋላ በተጠማዘዘው ቱቦ፣ በኤፒዲዲሚስ ላይ የሚወጣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነው። አራተኛው የደም መላሽ ሥሮች መወጠርና መጠማዘዝ፣ ቫሪኮሲል ነው፤ ከመቶ ወንዶች 15 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ በአብዛኛው በግራ በኩል። በግራ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት የግራው ሥር ረጅም መንገድ ተጉዞ ኩላሊት ድረስ መውጣቱ ነው። በቀኝ ብቻ ከወጣ ወይም ሰውየው ሲተኛ ካልጎደለ ግን ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ሥሩን የተጫነ ነገር እንዳለ ይፈትሻል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አስተሳሰብ አለ፤ "ካላመመኝ ምን አለው?" የሚለው። የዘር ፍሬ ካንሰርም ሲጀምር በአብዛኛው አያምም። በብዛት የሚታየውም ከ15 እስከ 45 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ነው። በአፍሪካውያን ላይ ከአውሮፓውያን ይልቅ እጅግ ያነሰ ቢሆንም የለም ማለት አይደለም። ደስ የሚለው፣ በጊዜ ከተደረሰበት በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ መሆኑ ነው። እንግዲህ የሐኪሙ ፈተና ሁለት ጎን አለው፤ ካንሰሩ እንዳያመልጠው፣ ካንሰር ላልሆነው ነገር ደግሞ ጤነኛ ፍሬ ቆርጦ እንዳያወጣ።

እጅ፣ ባትሪ፣ አልትራሳውንድ

ምርመራው በእጅ ይጀምራል፤ ሰውየው ቆሞም ተኝቶም ይታያል። ሐኪሙ በጣቶቹ ሁለት ነገር ይፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ከእብጠቱ በላይ ፍሬውን ያንጠለጠለውን ገመድ ባዶውን መያዝ ይቻላል ወይ? ከተቻለ እብጠቱ የተነሣው ከከረጢቱ ውስጥ ነው። ጣቶቹ መጨረሻውን ካጡትና እብጠቱ ወደ ብሽሽት እየቀጠለ ከሄደ ከሆድ የወረደ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ እብጠቱ ከፍሬው ተለይቶ ይያዛል ወይስ ራሱ ፍሬው ነው ያበጠው? በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ጥያቄ አስታውሱ። ከፍሬው ውጭ ያሉ እብጠቶች በአዋቂ ወንዶች ላይ በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም፤ ከፍሬው ውስጥ የወጣ ጠጣር ነገር ግን ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ካንሰር ይታያል።

ቀጥሎ መብራት ይጠፋና ባትሪ ይመጣል። የባትሪው ብርሃን ከእብጠቱ ጀርባ ሲበራ ውስጡ ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ ከረጢቱ በቀይ ብርሃን ወገግ ይላል፤ ጠጣር ነገር ከሆነ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለው። በጨቅላ ሕፃናት የአንጀቱ ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነ ወደ ከረጢቱ የወረደ አንጀትም ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል። ውኃው ውስጥ ደም፣ መግል ወይም ወተት የመሰለ የሊምፍ ፈሳሽ ካለበት ደግሞ ሃይድሮሲል ሆኖ ሳለ አይበራም። ከዚህም ሌላ፣ ውኃ ተገኘ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ካንሰሮች ራሳቸው ዙሪያቸውን ውኃ ያስቋጥራሉና ከውኃው በስተጀርባ ያለው ፍሬ መታየት አለበት።

ስለዚህ ሦስተኛው እርምጃ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለው፣ መርፌ የለው፣ ሰውየው ተኝቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። እብጠቱ ከፍሬው ውስጥ ይሁን ወይም ውጭ በመለየት ረገድ የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ፈሳሹን ከጠጣሩ ይለያል፤ ዶፕለር በተባለው ስልት ደግሞ እብጠቱ ውስጥ ደም መዘዋወሩን ያሳያል። ደም የማይገባበት እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል፤ የሚገባበት ሁሉ ግን ካንሰር ነው ማለት አይደለም።

ጠጣር ነገር ከፍሬው ውስጥ ከታየ ሦስት የደም ምርመራዎች ይታዘዛሉ፤ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች። መጠናቸው ከፍ ካለ ወደ ካንሰር ያመለክታል፤ ልክ ከሆነ ግን ብቻውን ነፃ አያወጣም። "ታዲያ ለምን በመርፌ ናሙና አይወሰድም?" ትሉ ይሆናል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ያው ጉዞው ነው። የከረጢቱ ቆዳ ሊምፉን የሚልከው ወደ ብሽሽት ነው፤ ፍሬው ደግሞ ወደ ሆድ። ካንሰር በተጠረጠረበት ፍሬ ላይ በቆዳው በኩል መርፌ መስደድ ለበሽታው ያልነበረውን ሁለተኛ መንገድ ሊከፍትለት ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ የሚገባው በብሽሽት በኩል ነው፤ ፍሬውን በገመዱ ስቦ አውጥቶ ያየዋል።

አብረው የወረዱት

አሁን ወደ ጣፊያው እንመለስ። ጣፊያና የዘር ፍሬ የሚፈጠሩበት ቦታ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው የፅንስ ሳምንት ድረስ በጣም ይቀራረባል። በዚያ ጊዜ ከተነካኩና ከተጣበቁ ፍሬው ሲወርድ የጣፊያ ቁራጭ ይዞ ይወርዳል። ጣፊያ ግራ ላይ ስለሆነ ይህም የሚገኘው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በግራ ፍሬ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ፑችካርና ማኒየን የተባሉ ሐኪሞች በሁለት ከፈሉት። በአንደኛው ዓይነት ከዋናው ጣፊያ እስከ ፍሬው ድረስ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ይህ አንዳንዴ ከእጅና እግር ጉድለት ጋር አብሮ ይመጣል። በሁለተኛው ቁራጩ ተቆርጦ ለብቻው ቀርቷል። በጣም የሚገርመው ደግሞ ይህ ቁራጭ ጣፊያነቱን አለመርሳቱ ነው! ወባ ሲይዝ ሆድ ውስጥ ያለው ጣፊያ እንደሚያብጥ ሁሉ ታች ያለውም አብሮ ያበጠባቸውና ያመማቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። ከተጠረጠረ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጣፊያ የሚስበው ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና በካሜራ ይታያል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ጣፊያ ሲደምቅ ከረጢቱ ውስጥ ያለውም አብሮ ይደምቃል። ችግሩ መጠርጠሩ ላይ ነው፤ ስላልተጠረጠረ ብቻ ስንት ጤነኛ ፍሬ ወጥቷል።

ሁለተኛው ጎረቤት አድሬናል ዕጢ ነው፤ ከኩላሊት አናት ላይ የተቀመጠው። የብሽሽት ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ሐኪሞች አንዳንድ ሕፃናት ላይ በገመዱ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ ያገኛሉ፤ ከአድሬናል ተቆርሶ የወረደ ቁራጭ ነው፤ በአብዛኛው ምንም አያደርግም። በዘር የሚተላለፍ አንድ ዓይነት ሕመም ባለበት ሰው ላይ ግን ይነሣል። በዚህ ሕመም አድሬናል ዕጢው ኮርቲሶልን በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። አንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ "ሥራ እንጂ!" እያለች ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን ያለ ማቋረጥ ትልካለች። ትእዛዙ ታች ፍሬው ውስጥ ላሉትም አድሬናል መሰል ሕዋሳት ይደርሳቸውና እነሱም ያድጋሉ። እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ፍሬዎች ውስጥ፣ በመካከለኛው ክፍል አካባቢ ይወጣል። በማይክሮስኮፕ እንኳ ከሌላ የፍሬ ዕጢ ጋር ሊምታታ ይችላል። ምስጢሩን የሚፈታው የሰውየው ታሪክ ነው፤ ጉርምስናው ያለ ዕድሜው መምጣቱ፣ ቁመቱ ቶሎ መቆሙ፣ በደሙም 17-ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን የተባለው ከፍ ማለቱ። ሕክምናው ቢላዋ ሳይሆን ኪኒን ነው፤ የጎደለው ሆርሞን ሲተካ የፒቱታሪዋ ጩኸት ይቆማል፣ ብዙዎቹም እብጠቶች ይቀንሳሉ። እነዚህን ሁለት ፍሬዎች አውጥቶ መጣል ምን ያህል ከባድ ስህተት እንደሚሆን አስቡት።

ሦስተኛው የሆድ ዕቃ ሽፋኑ ራሱ ነው። ከእሱ ሕዋሳት የሚነሣው አዴኖማቶይድ ዕጢ በኤፒዲዲሚስ ላይ ከሚወጡት ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚገኘው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በኤፒዲዲሚስ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ክብ፣ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ ሲነካ ጠንከር የሚል፣ በአብዛኛው ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በዓመታት ውስጥ እንኳ ጥቂት ብቻ የሚያድግ። ከ20 እስከ 50 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ይታያል። ከየት እንደሚመጣ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል፤ ዛሬ የሚጠራበትን ስም እ.ኤ.አ. በ1945 የሰጡት ጎልደንና አሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ትራፍ7 በሚባል ጂን ላይ የሚፈጠር ለውጥ የዚህ ዕጢ መለያ መሆኑን አሳዩ። ይኸው ዕጢ በሴቶች ማህፀንና የማህፀን ቱቦ ላይም ይወጣል፤ እዚያም ያለው ሽፋን ከዚያው ዘር ነውና። ሕክምናው ዕጢውን ብቻ ለይቶ ማውጣት ነው፤ ፍሬው አይነካም።

ኤፒዲዲሚስም የራሱ ታሪክ አለው። ይህ ቱቦ ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በፅንስ ጊዜ ደግሞ የጊዜያዊው ኩላሊት ቱቦ ነበር! ኋላ ዋናው ኩላሊት ሲመጣ ሥራውን ቀይሮ የዘር መተላለፊያ ሆነ። ስለዚህ ቮን ሂፐል ሊንዳው የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ኩላሊትን፣ አንጎልንና ዓይንን ሲያጠቃ ኤፒዲዲሚስንም አይተውም፤ ፓፒላሪ ሲስታዴኖማ የተባለ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ያበቅልበታል። ዕጢው ራሱ አይጎዳም። በሁለቱም በኩል ከተገኘ ግን ትልቅ ምልክት ነው፤ ሐኪሙ ወዲያው ኩላሊቱን ወደ መመርመር ያልፋል፤ በዚህ ሕመም የኩላሊት ካንሰር ይመጣልና። ምንም የማያደርግ ጠጠር የመሰለ ነገር የሰውን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ያልተዘጋው መንገድ

ሌሎቹ ብርቅዬዎች ከመንገዱ ጋር የተያያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1834 ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዱፒዩትረን ከከረጢቱ ተነሥቶ በብሽሽት በኩል ሆድ ውስጥ ድረስ የዘለቀ ሃይድሮሲል ገለጸ፤ ሁለት ትላልቅ የውኃ ቋቶች በአንድ ጠባብ አንገት የተገናኙበት ነው። መለያው ግሩም ነው፤ ከረጢቱን ስትጫኑት ሆዱ ላይ ያለው ያብጣል፤ ስትለቁት ተመልሶ ይሞላል። በልጆች ላይ ደግሞ መተላለፊያው በቀጭኑ ክፍት ሆኖ ከቀረ የሆድ ውኃ ይወርዳል፤ እብጠቱ ልጁ ሲሯሯጥ ውሎ ማታ ይገዝፋል፣ ተኝቶ አድሮ ጠዋት ይጎድላል። እናት "ማታ ማታ ነው የሚያብጥበት" ስትል ምርመራው ግማሽ መንገድ ተጉዟል።

በመተላለፊያው አንዳንዴ የሽንት ፊኛም ይወርዳል። ሌቪን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ራሱን የቻለ ስም የሰጠው ይህ ሁኔታ በብዛት የሚያጋጥመው ፕሮስቴታቸው አብጦ ለመሽናት የሚያስጨንቃቸውን አዛውንቶች ነው። ምልክቱን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም፦ አባት ይሸናሉ፤ ከዚያ ከረጢታቸውን በእጃቸው ይጫኑና እንደገና ይሸናሉ! እብጠቱ ከሽንት በፊት ይተልቃል፣ ከሽንት በኋላ ያንሳል። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ ቢገባ ፊኛውን ሊቆርጠው ይችላል። ምንም መሣሪያ ሳያስፈልግ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር፤ "አባባ፣ ሲሸኑ ይቀንስልዎታል?"

ከጉዞው ጋር ያልመጡት

ሁሉም ግን የጎረቤት ዕቃ አይደለም። ሦስተኛ የዘር ፍሬ ያላቸው ወንዶች አሉ፤ በፅንስ ጊዜ የፍሬው መነሻ ለሁለት ተከፍሎ የቀረ ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ መልኩ ልክ እንደ ጎረቤቱ ጤነኛ ፍሬ ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይታወቃል፤ በቦታው ከረጢት ውስጥ ካለና ሌላ ችግር ከሌለው ክትትል ብቻ ይበቃዋል።

ሐኪሞችን በጣም የሚያስጨንቀው ግን ኤፒደርሞይድ ሲስት ነው፤ ምክንያቱም ከፍሬው ውስጥ፣ ካንሰሩ በሚወጣበት ቦታ ይወጣል። ውስጡ ከቆዳ ላይ እንደሚረግፈው ዓይነት ነጭ ኬራቲን በንብርብር ተሞልቷል። ንብርብሩ በአልትራሳውንድ ክብ በክብ ሆኖ ይታያል፤ ባለሙያዎቹ የሽንኩርት ቀለበት ይሉታል። ደም አይዘዋወርበትም፤ ሦስቱም የደም ምርመራዎች ልክ ናቸው። እነዚህ ሲገጣጠሙ ቀዶ ሐኪሙ በብሽሽት ይገባና እብጠቱን ብቻ ፈልቅቆ ያወጣል። ናሙናው እዚያው ቀዝቅዞ ይቆረጥና ሰውየው ገና በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ካንሰር ካልሆነ ፍሬው ተሰፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በእኛ አገር ሲሆን

የሕመም ብርቅነት እንደ አገሩ ነው። በኦስሎ የማይታሰብ ነገር በጋምቤላ ከቀዳሚዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ ይሆናል። የወባ ትንኝን ጨምሮ በትንኞች የሚተላለፈው ዉቸሬሪያ ባንክሮፍቲ የተባለው ቀጭን ትል በሊምፍ መስመሮች ውስጥ ይኖራል፤ በወንዶች ላይ ገመዱን አካባቢ ይመርጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ 25 ሚሊዮን ወንዶች በዚህ ሳቢያ ሃይድሮሲል እንዳለባቸው ይገምታል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላዎች፣ ጋምቤላን ጨምሮ፣ ትሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ ሕያዋን ትሎች ሲንቀጠቀጡ አይተው እንቅስቃሴውን የፊላሪያ ጭፈራ አሉት። የትሉ ጨቅላዎች ወደ ደም የሚወጡት በብዛት ሌሊት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ለማየት ደም የሚቀዳውም በሌሊት ነው፤ የአንቲጂን ምርመራ ግን ሰዓት አይመርጥም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄዱ ገበሬዎች ጋር የሚያያዘው የእግር ዝሆኔ ከዚህ የተለየ ነው፤ ትል የለበትም፤ ወደ ከረጢቱም የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።

ሌላው በእኛ ዘንድ መታሰብ ያለበት የኤፒዲዲሚስ ቲቢ ነው። ቱቦውን ያጠነክረዋል፣ ያጎረብጠዋል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ ስለዚህ ዕጢ ይመስላል። ሰውየው ከዚህ በፊት ቲቢ ታክሞ እንደሆነ፣ ክብደቱ ቀንሶ እንደሆነ መጠየቅ፣ ሽንቱን ለቲቢ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ለወራት ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ቢላዋ ይድናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወንዶች ሆይ፣ ሙቅ ውኃ ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው ሲላላ ሁለቱንም ፍሬዎች በጣታችሁ እዩአቸው። አንዱ ከሌላው ዝቅ ማለቱ ጤነኛ ነው፤ ከኋላ ያለው ለስላሳ ገመድ መሰል ነገርም ኤፒዲዲሚስ ነው፤ አትደንግጡ። ከዚህ ቀደም ያልነበረ ነገር ካገኛችሁ ግን ገበና ነው ብላችሁ አትደብቁት፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድንገተኛ ብርቱ ሕመም ከመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬው በገመዱ ላይ ዞሮ ደም አጥቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ድረሱ። ፍሬውን ለማትረፍ የተሻለው ዕድል ያለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ታሪካችሁን ሙሉውን ንገሩት፤ ጠዋትና ማታ መጠኑ ይለያይ እንደሆነ፣ ስትሸኑ ይቀንስ እንደሆነ፣ ወባ ስትታመሙ አብጦ እንደሆነ፣ በልጅነታችሁ የሆርሞን ሕመም ኖሮባችሁ እንደሆነ፣ በቤተሰብ የኩላሊት ዕጢ እንዳለ። አሁን እያንዳንዱ ጥያቄ ወዴት እንደሚመራ ታውቃላችሁ። የአልትራሳውንዱ ውጤት ሲመጣም "ምንድን ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ከፍሬው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀዶ ጥገና ከታሰበ ደግሞ አንድ ጨምሩ፤ "እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ፍሬውን ማትረፍ ይቻላል ወይ?" መልሱ ሁልጊዜ አዎ አይሆንም፤ ካንሰር ከሆነ ፍሬውን ማውጣቱ ነው የሚያድነው። ከስንት አንዴ የሚገኙትን እነዚህን ደግ እብጠቶች ማወቅ ያስፈለገው ግን መልሱ አዎ የሚሆንባቸው ሰዎች ስላሉ ነው።